ካፒቴኑ ያገኘው አለት

ጀርመናዊው ካፒቴን ፎን ሬድቪትስ ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ሲያገለግል ደረቱ በሜዳሊያ ተሞልቶ ነበር፤ የቀረው በስሙ የሚጠራ አለት ብቻ ነው። አንድ ቀን ምጽዋ አጠገብ የአገሬው ተወላጅ የሆነው መንገድ መሪው “አለት አለ!” ብሎ ሦስት ጊዜ ቢጮህበት፣ “ካርታው ላይ የለም” ብሎ ቀጠለና መርከቡን ከአለቱ ጋር አላተማት። ወዲያው አለቱን በራሱ ስም ካርታው ላይ ጻፈው።

አለቃው አድሚራል ስለ አደጋው ለምርመራ ሲመጣ ካፒቴኑ ጅራፍ ይዞ መንገድ መሪውን በአድሚራሉ ፊት አቆመው።

“አንተ፣ አለቱን ታውቀው ነበር? አውቀህ ዝም ካልክ ጅራፍ ይጠብቅሃል፤ ካላወቅኸው ያገኘሁት እኔ ነኝ።”

ሰውዬው ጅራፉን አየት አድርጎ እጅ ነሣ።

“ማግኘቱንስ እርስዎ ነዎት ያገኙት፣ ጌታዬ። እኛማ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ እያየነው ዞረን እናልፋለን፤ ያን ዕለትም ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነግሬዎታለሁ። በመርከብ ሆድ ዳብሶ ያገኘው ሰው ግን ከእርስዎ በፊት አልነበረም።”