ማስረጃ የሌለው እግር

አፏ ከሚጥሚጣ የሚፋጅ አንዲት ጎመን ሻጭ ነበረች አሉ። ስኳር በሽታ እግሯን ቢያቆስለው ሐኪሙ «ልዩ ጫማ ካላደረጉ እግርዎ ይቆረጣል» ብሎ ጻፈላት። ጫማውን የጤና መድን ይሸፍናል ሲሏት እያነከሰች ወደ መድን ቢሮው ሦስት ፎቅ ወጣች።

እዚያ አቶ ደስይበለው የሚባል ኃላፊ ማህተሙን እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀምጧል። ፋይሏን ገለበጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እማማ፣ ስኳር እንዳለብዎት ተጽፏል። እግር እንዳለዎት ግን ማስረጃ የለም። ፎቶዎ ጉርድ ነው፤ ከደረት በታች ምንም አይታይም።»

«እግሬማ ይኸውና!» ብላ ዘረጋችለት።

«በዓይን ማየት አይበቃም። እግር እንዳለዎት ከቀበሌ አጽፈው ዛሬውኑ ካላመጡ ፋይልዎ ይዘጋል።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት። እሷ ግን ጠረጴዛውን ዞራ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ምነው ተቀመጡ? አይሄዱም እንዴ?»

«በምኔ ልሂድ ጌታዬ? ማስረጃ በሌለው እግር ስሄድ ብያዝስ? የእርስዎ እግር ሕጋዊ ነውና እስቲ ቀበሌ ሮጥ ብለው ያምጡልኝ። ማህተሙን እኔ እጠብቅልዎታለሁ!» ብላ እጇን ስትሰድ፣ አቶ ደስይበለው ቀድሟት ወረቀቷ ላይ ዷ! አደረገው።