የአያ ጅቦ እርግዝና

አንድ ጊዜ፣ አውሬና የቤት እንስሳ በአንድ ሸለቆ ተጎራብተው በሚኖሩበት አገር፣ የአያ ጅቦ ሚስት አረገዘች።

አያ ጅቦ ደስ አለው። ለሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን እመት ጅቢት ከዋሻው ደጃፍ ተቀምጣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አቀናች።

«አያ ጅቦ፣ ጉበት አማረኝ።»

«የማን ጉበት?»

«የማንም ይሁን። ከላይ፣ ከአንበሳ ሰፈር ይሸተኛል።»

ጅቦ ሳቀ። ከአንበሳ ሰፈር ሽታ ይዞ የተመለሰ ጅብ ብዙ ነው፤ ጉበት ይዞ የተመለሰ ግን የለም። ጨርሰው ያልተመለሱም አሉ።

ነገር ግን በዚያ ሸለቆ አንድ ሕግ ነበር። እርጉዝ ያማራትን ስትጠይቅ ማንም እንቢ አይላትም። የከለከላት ዐይኑ ላይ ብጉንጅ ይወጣበታል። ነብር ለአንዲት እርጉዝ ሚዳቋ አንዲት ቁራጭ ጨው ነፍጎ፣ ክረምቱን ሙሉ በአንድ ዐይን ሲያድን ከርሟል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሕጉን የደፈረ የለም።

ጅቦ ወደ አንበሳ ሰፈር ወጣ። አንበሳ ወይፈን አጋድሞ ይበላ ነበር።

«ጌታዬ» አለ ጅቦ ከሩቅ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መሀል ወሽቆ። «ለኔ አይደለም። እኔ ጠግቤያለሁ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጉበት አማራት።»

አንበሳ ማኘኩን አቆመ። ዐይኑን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገ።

«ውሰድላት። ሳይቀዘቅዝ ይድረስላት። በሽልም ያውጣት በላት።»

ጅቦ ጉበቱን በአፉ ይዞ ቁልቁል ወረደ። ጉበት በአፍ ይዞ መሄድ ለጅብ ከባድ ሥራ ነው። ሾላው ዛፍ ጋ ሲደርስ ላሰው፤ መላስ መብላት አይደለም። ወንዙ ጋ ሲደርስ ጫፉን ቆረጠለት፤ ሸክሙ እንዲቀል ነው። ዋሻው ደጃፍ ሲደርስ ጢሙ ላይ ካለው በቀር የተረፈ አልነበረም።

«ሰጠህ?» አለች ሚስቱ ብድግ ብላ።

ጅቦ አሰበ። ያልለመደው ነገር ስለሆነ ጊዜ ወሰደበት።

«መስጠቱንስ ሰጥቶኝ ነበር። መንገድ ላይ ሽማግሌዎች አገኙኝና ‹ለማን ነው?› አሉኝ። ለእርጉዝ ነው ስላቸው ጮኹብኝ። ጉበት ለእርጉዝ ክልክል ነው! ልጁ ጠቁሮ ይወለዳል አሉ።»

«ቢጠቁር ምን አለበት? የጅብ ልጅ አይደለም እንዴ?»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ግን ሽማግሌ ናቸው። ምን ልበል?»

«ጉበቱስ?»

«ቀበርኩት» አለ ጅቦ። አልዋሸም፤ የቀበረበትን ቦታ አልተናገረም እንጂ።

*

ከዚያ ቀን ወዲያ ጅቦ በሁለት ቃል መኖር ጀመረ። በጎረቤት ደጅ «አማራት»፤ በገዛ ደጁ «ክልክል ነው»።

እመት ፍየል ከእሾህ አጥሯ ውስጥ ሆና ነበር የምታነጋግረው።

«እዚያው ቁም! አንዲት እርምጃ እንዳትጨምር!»

«ወተት አማራት፣ እትዬ።»

«ትናንትም ወተት አልነበረም እንዴ ያማራት?»

«ትናንት ያማራት የጠዋት ወተት ነው። ዛሬ የከሰዓት አማራት።»

ፍየል ዐይኗን አሳከካት። ሳትወድ በግድ በቅል ሞላችና በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጠችው።

«ቅሌን እንድትመልስ!» ብላ ጮኸችበት። ቅሉ አልተመለሰም።

እቤት ሲደርስ ወተት ክልክል ሆነ፤ በልጁ አናት ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል። ከጦጣ የተቀበለው ማር ክልክል ሆነ፤ ልጁ ይወፍርና አልወጣም ይላል። የጅግራ እንቁላል ክልክል ሆነ፤ ልጁ ራሰ በራ ይሆናል። ሙዝ እንኳ፣ ጅብ የማይወደው ሙዝ፣ ጦጣ ደርባ ስለሰጠችው ብቻ ክልክል ሆነ፤ ልጁ ያለ ጊዜው ተንሸራቶ ይወጣል።

«እሺ፣ ምን ልብላ?» አለች እመት ጅቢት። ድምፅዋ ቀጥኗል።

ጅቦ ዙሪያውን ቃኘ። ከዋሻው ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ፣ የሞተች በቅሎ ቆዳና አንጀት ተዝረክርኮ ነበር። አረንጓዴ ሆኗል። ዝንብ ራሱ አስቦበት ነው የሚያርፍበት። ጅቦ ሁለት ጊዜ አሽትቶ ትቶታል። ጅብ አሽትቶ የተወው ነገር እንዴት ያለ እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

«ይህ ይፈቀዳል» አላት። «ለስላሳ ነው። ለእርጉዝ የሚስማማት እንዲህ ሰንበት ያለ ነገር ነው ይላሉ።»

«እነማን?»

«ሽማግሌዎቹ ናቸዋ!»

«እነዚህ ሽማግሌዎች አንድ ቀን እንኳ እዚህ ቤት ብቅ አይሉም?»

«ሥራ ይበዛባቸዋል።»

ሦስተኛው ወር ገባ። የእመት ጅቢት ጎድን አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር ሆነ። የጅቦ ሆድ መሬት መጥረግ ጀመረ።

«አንተን ደግሞ ምን አገኘህ?» ስትለው፣

«ጭንቀት ነው የነፋኝ» ይላታል። «ላንቺ ስጨነቅ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጦጣ ዘንድ ጢሙን እየላሰ ሲመለስ፣ እማማ ቀበሮን ከዋሻው ደጃፍ ቆማ አገኛት። እማማ ቀበሮ የሸለቆው አዋላጅ ናት። አንበሳን ራሱን በኋላ እግሩ ጎትታ ያወጣችው እሷ ስለሆነች፣ አንበሳ እሷ ፊት አያገሣም። ተንኮሏን የሚያውቅ ሁሉ ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይለውጣል። ጅቦ ግን ሆዱ ከብዶት መዞር አልቻለም።

ቀበሮ ከአረንጓዴው ቆዳ ቁራጭ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥላ ይዛለች።

«ይህን ማን አበላት?»

«እኔ። ይፈቀዳል፣ እማማ።»

«ስማኝ ልጄ። ለእርጉዝ የሚከለከል ነገር የለም አልልም። አለ። እዚህ ቤት ዞሬ ዞሬ የሚከለከል ያገኘሁት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይህ ነው። ጉበቱ ቀርቶባት፣ ወተቱ ቀርቶባት፣ መርዙን ብቻ ፈቀድክላት። ሦስት ቀን ሙሉ ስታስመልስ ሰንብታለች። በዚሁ ከቀጠለች ልጆቹን አታደርሳቸውም። እሷም አትተርፍም።»

ጅቦ ወደ ዋሻው ውስጥ አየ። ሚስቱን ይወዳታል። ከሷ የሚያስበልጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ለነገ ጦጣ ዘንድ ተቀምጦለታል።

«እና ምን ይሻላል?» አለ፣ ስለ ነገው ማር እያሰበ።

ቀበሮ ሆዱን አየችው። ጢሙን አየችው። ጢሙ ላይ አንዲት የማር ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር። ስለ ጠብታዋ ምንም አላለችም።

«መላ ነበረ፤ ግን አይሆንም» አለች ተንፍሳ። «ነገ አንበሳ ሰንጋ ይጥላል። ሻኛውን ከነስቡ ለእርጉዝ አስቀምጣለሁ ብሏል። ለመልእክተኛ ግን አይሰጥም፤ ‹አማራት› የሚል በዝቷል። እርጉዟ ራሷ መጥታ ነው የምትቀበለው። ሚስትህ እንኳን አቀበት ልትወጣ ከመኝታዋም አልተነሣችም። ይቅርባችሁ። ያሳዝናል።»

ይህን ብላ ሄደች።

ሻኛ ከነስቡ። ጅቦ ቆሞ ቀረ። ዝንቦቹ ከቆዳው ተነሥተው እላዩ ላይ ሲያርፉ እንኳ አልነቃም።

*

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ከሾላው ሥር ተሰበሰበ። ሻኛው መሀል ላይ፣ በቅጠል ላይ ተቀምጦ ያብረቀርቃል። ጅቦ ሆዱን አስቀድሞ ብቻውን መጣ።

«እርጉዟ የታለች?» አለ አንበሳ።

ጅቦ መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው የመጣውን ቃል አወጣ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ፍየል ማመንዠኳን አቆመች። ጦጣ ከቅርንጫፏ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«አንተ?»

«አዎ፣ እኔ። አፍረን ነው እስከ ዛሬ ያልተናገርነው።»

ነገሩ ለእናንተ እንደሚመስላችሁ ለእነሱ አልመሰላቸውም። ከጅብ ወንዱን ከሴቷ መለየት ለማንም ቀንቶት አያውቅም፤ ቀርቦ ልይ ያለም የለም። ሁሉም ወደ እማማ ቀበሮ ዞሩ። ቀበሮ ተነሥታ የጅቦን ሆድ ዳሰሰች፤ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች።

«ያምርሃል?»

«ያምረኛል።»

«ምን ምን?»

«ሁሉም።»

«ያቅለሸልሽሃል?»

«ሳልበላ ስቀር፣ እጅግ።»

«እርጉዝ ነው» አለች ቀበሮ ወደ አንበሳ ዞራ። «ያውም መንታ።»

ጅቦ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ወደ ሻኛው ተንደረደረ። ቀበሮ እግሯን ሻኛው ላይ አሳረፈች።

«ቀስ በል፤ በዚህ ሰውነትህ አትሩጥ። እስኪ ስለ ጤናህ ልጠይቅህ። እርጉዝ ጉበት ከበላ ምን ይሆናል?»

«ልጁ ይጠቁራል» አለ ጅቦ ሳያስበው። ሦስት ወር ሙሉ ሲለው ከርሞ አፉ ለምዶታል።

«ወተትስ?»

«አናቱ ላይ ይለጠፋል።»

«ማር?»

ጅቦ አሁን የሆነ ነገር ሸተተው። «ይወፍራል...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እንቁላል?»

«ራሰ በራ...»

«ሻኛስ?»

«ሻኛ ይፈቀዳል!» ብሎ ጮኸ። «ሽማግሌዎቹ ስለ ሻኛ ምንም አላሉም!»

«ምነው አላሉም?» አለች እመት ፍየል ከወደ ኋላ። ቅሏን አልረሳችም። «ሻኛ የበላ እርጉዝ ልጁ ጎባጣ ሆኖ ነው የሚወለድበት። እኔ ነኝ የነገርኩህ፤ እኔም ሽማግሌ ነኝ።»

«እውነቷን ነው» አለች ጦጣ ከላይ። «ማር ልቅምቅም አድርጎ ሲበላ ልጁ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ?»

ሳቁ ከሸለቆው ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። አንበሳ ግን ዐይኑን ጨፍኖ አሰበ። ለእርጉዝ እንቢ ማለት ብጉንጅ ያመጣል፤ ክልክሉን መስጠት ደግሞ ልጅ ያጎብጣል።

«ታዲያ ሻኛው ለማን ይሁን?»

«ለሚስቱ ነዋ» አለች ቀበሮ። «እሷ አላረገዘችም፤ ያረገዘው እሱ ነው፤ በአፉ ተናግሯል። ላላረገዘች ደግሞ ምንም አይከለከልም። ጉበቱም፣ ወተቱም፣ ማሩም ለሷ ይሂድ። እርጉዝ ባል ማስታመም ቀላል ነው እንዴ? ጉልበት ያስፈልጋታል።» ከሻኛው ጥግ አንድ ጉርሻ ቆርጣ ወደ አፏ ላከች። «ይህች የአዋላጅ ናት።»

አንበሳም እርጉዙ እንዳይንከራተት ብሎ ከልጆቹ አንዱን ዋሻው ደጃፍ ላይ አቆመለት።

*

ጅቦ ከዋሻው ጥግ ተኛ። እመት ጅቢት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በየቀኑ የሚመጣላትን ትበላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉበት ስትበላ ዐይኗን ጨፍና ነበር። ፍየል ወተቱን ራሷ ይዛ ትመጣለች፤ ቅሏንም ይዛ ትመለሳለች።

«አቅምሺኝ እንጂ» ይላል ጅቦ። «አማረኝ።»

«ውይ፣ ክልክል ነው» ትለዋለች። «ላንተ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔ ምን ልብላ ታዲያ?»

እመት ጅቢት በአፍንጫዋ ወደ ዋሻው ጀርባ ታመለክተዋለች። አረንጓዴው ቆዳ አሁን ጠቁሯል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጅቦ ፊቱን አዞረ። በአምስተኛው ቀን በላው። በስድስተኛው ቀን ሲያስመልስ ጎረቤቶች ሰሙና፣ «አይዞህ፣ የእርግዝና ነው፤ ይለቅሃል» አሉት።

ከሳምንታት በኋላ እመት ጅቢት ወለደች። ሁለት። አልጠቆሩም፣ አልጎበጡም፣ አናታቸው ላይ የተለጠፈ ነገር የለም። ሸለቆው በእልልታ ተናወጠ። ጎረቤቶች ገንፎ አገንፍተው፣ መሀሉ ላይ ቅቤ አቅልጠው ይዘው መጡ።

ጅቦ ከጥጉ ቀና አለ። ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። የቅቤው ሽታ ዐይኑን በእንባ ሞላው።

«እንግዲህ ገንፎ ለኔም ይገባል!» አለ። «ክልክሉ አብቅቷል! ወልደናል!»

እመት ጅቢት አንዱን ልጇን ከጡቷ አላቅቃ ሌላውን አስጠጋች። ከገንፎው ዛቅ አድርጋ ዋጠች። ከዚያ ባሏን አየችው።

«እኔ ወልጃለሁ» አለችው። «አንተ ገና ነህ።»

ከዚህ የምንማረው ለእርጉዝ «ይህን አትብይ» የሚል ሲመጣ፣ ቃሉን ከመቀበል በፊት አፉን ማሽተት እንደሚገባ ነው።