አሥራ አንዱ የሾላ አፋፍ ሽንኩርቶች

«ኧረ ተይ ልጄ! ድስት ውስጥ አይገባም፤ መልሺው!» አሉ እማማ ዘነቡ፣ የልጃቸውን አዲስ ሚስት እጅ ይዘው።

ስመኝ ከከተማ ተድራ የመጣች ናት። ፊት ለፊቷ ያለው ቁና በሽንኩርት ቁራጭ ተሞልቷል። እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀችም፣ «ይኼ ሁሉ እኮ የሳምንት ቁሌት ነው፤ ሊጣል ነው?» አለች።

«ማን ይጣል አለ? በኛ ቤት አይበላም አልኩ እንጂ።»

«ታዲያ በማን ቤት ይበላል?»

«ከማን ጋር ነው የተኳረፍሽው?»

ስመኝ መንደሩን ከረገጠች ገና ወሯ ነው። «ከማንም» አለች።

«አይዞሽ፣ ይደርሳል» አሉ እማማ ዘነቡ።

*

ሾላ አፋፍ ከቆላው ከፍ፣ ከደጋው ዝቅ ብላ በገደል ጫፍ የተቀመጠች መንደር ናት። የሚበቅልባት ሽንኩርት ትንሹ፣ ቀዩ፣ ዓይን የሚያቃጥለው የአበሻ ሽንኩርት ነው። ከአበባው ዘር የሚለቅም የለም። አንዱ ራስ ይቀበራል፤ መሬት ውስጥ ይከፈላል፤ ሲነቀል ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ስምንት ሆኖ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቀይ ልጣጭ ለብሶ፣ ሁሉም ግን በአንድ ሥር ተያይዞ ይወጣል። ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ ሲያቁላሉት ቶሎ አይቸኩልም፤ ቀስ ብሎ ይሟሟና ወጡን ያወፍረዋል። ጆሮ ለታመመ ለብ ያለ ጭማቂው ጠብ ይደረግ እንደነበር፣ ለሳል ደግሞ ከማር ጋር ይሰጥ እንደነበር አሮጊቶች ያወራሉ።

በተከላ ቀን የሾላ አፋፍ ሰው የእያንዳንዱን ዘር አናት፣ ሢሶውን ያህል፣ በማጭድ ይቆርጣል። ሥር ያለበት ወገን ይተከላል። የተቆረጠው አናት ግን በቆራጩ ቤት አይበላም፤ ለተኳረፉት ሰው ይሰጣል። የግብርና ባለሙያዎች መጥተው «ሲቆረጥ ቶሎ ያጎነቁላል፤ ጥሩ ሥራ ነው» ብለዋቸዋል። እነሱም አልተከራከሩም። የነሱ ምክንያት ሌላ ነው።

*

እንደሚነገረው በአንድ ክፉ ዘመን ሁለት ክረምት ዝናብ ቀርቶ ሦስተኛው ሲጠበቅ፣ ሰው መጀመሪያ ጎተራውን፣ ቀጥሎ የዘር እህሉን፣ በመጨረሻም ለዘር ያስቀመጠውን ሽንኩርት በላ። ሽንኩርት ብቻውን አያጠግብም፤ ሽታው ግን ወጥ የተሠራ ያስመስላልና፣ ሰው ሆዱን ሳይሆን አፍንጫውን ሊያታልል በላው ይባላል። በመንደሩ የቀረው አሥራ አንድ ራስ ብቻ ሆነ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው አሥራ አንዱን ለደብሪቱ አደራ ሰጡ። ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት፤ ጣራዋ አያፈስም፤ ዘር እንዳይበሰብስ የሚያደርቅ ጢስ ቆጧን ያገኘዋል። ከሁሉም በላይ፣ አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ልጅ የሌለበት ቤት ቆጡ በቀን ሦስት ጊዜ አይበረበርም። ደብሪቱም መሬት ሳይቀምሰው የሰው አፍ እንዳይቀምሰው በሁሉም ፊት ማለች።

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ሳቀች። የደብሪቱ ጎረቤት በለጡ ናት።

«ልጅ ያላሳደገ እጅ ነው እንግዲህ የመንደሩን ዘር የሚያሳድረው?»

ሌሎችም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጠባብ መንገድ እየተላለፉ እንደምን ዋልሽ አልተባባሉም።

*

ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መንደሩን ሲያፈዘው፣ ደብሪቱ ምድጃ አጠገብ ሸለብ ያደርጋት ነበር። ያን ጊዜ አሥራ አንዱ ቆጥ ላይ ሲተነፍሱ ትሰማለች። በሕልሟ ቀያይ ልጣጫቸውን እንደ ቀሚስ ሰብሰብ አድርገው ይወርዱና እሳቱን ከበው ይቀመጣሉ። ደብሪቱ ትቆጥራቸዋለች፤ አሥራ አንድ ናቸው። አንድ ቀን ከመካከላቸው ትንሹ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «እማ፣ አናታችን ከበደን፤ ላጪን» አላት ይባላል። ስትነቃ ቆጡ ላይ ወጥታ ዳሰሰቻቸው። ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ዝም ያሉ ነበሩ።

*

ሰኔ ሲጋመስ፣ ሰማዩ አሁንም ነጭ እንደሆነ፣ የበለጡ ልጅ እንጉዳይ ታመመች። የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ሳሉ ሲነሣባት ጎድኗ በልብሷ ላይ ይቆጠር ነበር። መድኃኒት አዋቂው አያ ጥላዬ መጥቶ ጆሮውን በጀርባዋ አስደግፎ አዳመጠ።

«ሽንኩርት በማር ተንተክትኮ ቢሰጣት ደረቷ ይላቀቃል። ማሩ ከኔ አለ።»

«ሽንኩርቱስ?» አለች በለጡ።

ሽንኩርቱ የት እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ።

በለጡ ሄዳ ከደብሪቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላንኳኳችም፤ አልተጣራችም። እንዲሁ ደጅ ስትጠና ዋለች። ወሬው መንደሩን አዳርሶ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ይዘው መጡ። የመጡት ግን ለበለጡ ሊለምኑላት አልነበረም። አያ ጥላዬ ራሱ ነበር የተናገረው።

«ደብሪቱ፣ እሷ አንድ ልጅ ናት። ዘሩ የመንደር ነው። መሐላሽን እንዳትረሺ።»

ደብሪቱ ከውስጥ፣ «ምን ብዬ ነበር የማልኩት?» ስትል ተሰማች።

«መሬት ሳይቀምሰው የሰው አፍ አይቀምሰውም ብለሽ!»

«እንግዲያው መሬት ይቅመሰው።»

አሥራ አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ማጭድ ይዛ ወጣች። በድንጋዩ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ዞር ብላ አላየቻትም። በለጡም ደብሪቱ ወደ እርሻ ስትሄድ ባየች ጊዜ፣ እንቢ ተባልኩ ብላ ተነሥታ ወደ ልጇ ሄደች።

መሬቱ አመድ ነበር። ሰው ተከትሏት፣ «ዝናብ ሳይመጣ? አበደች እንዴ?» እያለ ይጮሃል። ደብሪቱ ተንበርክካ የመጀመሪያውን ራስ አወጣች፤ አናቱን እንደ ሕፃን ፀጉር በማጭዷ ላጨችው፤ ሥሩን አቧራ ውስጥ ቀበረችው።

«ገደለችው!» አለ አንዱ። «የመንደሩን ዘር አንገቱን ቀላችው!»

ሁለተኛውን ቆረጠች፤ ሦስተኛውን። ሽታው ተነሥቶ በሰው ላይ ሄደ። በሁለት ዓመት ድርቅ ስንቱን ቀብሮ እንባው የነጠፈ ሰው፣ ቁሞ እየተሳደበ ሳለ ዓይኑ ይፈስ ጀመር። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው ጠረጉት፤ አላቆመም። ማን ለማን እንደሚያለቅስ ሳይታወቅ፣ አሥራ አንደኛው እስኪቀበር ድረስ ሁሉም አለቀሰ። እንባው መሬት ደረሰ የሚሉ አሉ። አልደረሰም የሚሉም አሉ፤ የዚያ ዓመት አቧራ እንባ የሚያሳልፍ አልነበረም ይላሉ።

ደብሪቱ አሥራ አንዱን አናት ሰብስባ የበለጡን በር አንኳኳች። በለጡ ከፈተች። ተያዩ። በለጡ ሁለት እጇን ዘረጋች።

*

እንጉዳይ በሦስተኛው ቀን ሳሏ ተላቀቀ። ሽንኩርቱ ነው ያዳናት ይላሉ፤ አያ ጥላዬ ግን እስኪሞት ድረስ «ማሩ ነው፤ ማሩም የኔ ነው» ሲል ኖረ። ዝናቡ በዘጠነኛው ቀን መጣ። አንገታቸው ተቀላ የተባሉት አሥራ አንዱ፣ ማንም ሽንኩርት ሲያጎነቁል ካየው ቀድመው አረንጓዴ አወጡ፤ ሲነቀሉም ስምንት ስምንት ሆነው ተገኙ።

በዓመቱ ረሀብ አልነበረም፤ የታመመ ልጅም አልነበረም። ደብሪቱ ግን በተከላ ቀን ዘሯን እንደገና ላጭታ፣ አናቱን ይዛ ያንኑ በር አንኳኳች። ልማዱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ብዙ ደከሙ። በለጡ፣ «አፌ ያጠፋውን እጄ ይቀበል፤ አፌማ አንዴ ተናግሯል» አለች። ደብሪቱ ደግሞ፣ «ከታረቅን ሽንኩርቱን ለማን እሰጣለሁ?» አለች ይባላል።

ዛሬ በሰኔ መጨረሻ ሾላ አፋፍ የደረሰ ሰው በየደፉ ላይ ነፋስ የሚያንከባልለው ቀይ ልጣጭ ያያል፤ መንገዱ ሁሉ ዓይን ያቃጥላል። ሴቶች ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ሌላ ጊዜ በማይረግጡት ደጅ ይቆማሉ። ሰላምታ የለም፤ እግዜር ይስጥልኝም የለም። ባለፈው ክረምት እንዲህ ደጅ ቆማ ያየኋት ሴት ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ የከፈተችላትም እንደዚያው። ምን እንዳኳረፋቸው በመንደሩ የሚያስታውስ የለም። የውስጠኛዋ ነጠላውን ተቀብላ ፈታ ቁራጩን ወደ መሶቧ ገለበጠች፤ ባዶውን ነጠላ አራግፋ፣ በሥርዓት አጥፋ፣ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አደረገችላት፤ ጫፉንም አስተካከለች።

በሩ ተዘጋ።