የዘርትሁን ኩበትና የግድግዳው ስንጥቅ

ተረት ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ እሳት ዳር ቦታ ልቀቁልኝ።

መንዝ ውስጥ፣ ደጋው አናት ላይ፣ ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ይፍቱስራ ክረምት ላይ ወልዳ እሷ ዘንድ ትታረሳለች። ክረምት ደግሞ ኩበት አይደርቅም። በበጋ የተከመረው እስከ መስከረም ካልደረሰ አራሷም ሕፃኑም ጉድ መሆናቸው ነው። ዘርትሁን ይህን ትፈራለች። ስለዚህ ኩበቷን እየሰሰተች ትማግዳለች፣ ሙቀቱ እንዳይወጣባትም በሯን ከረቸመች። ማታ ማታ እየመጡ ይሞቁ የነበሩትን ጎረቤቷን፣ ሸማኔውን ጋሽ ወልደየስን እንኳ፣ "ዘንድሮ ይቅር ይበሉኝ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ቤቱ ይቀዘቅዛል" ብላ መለሰቻቸው።

ምን ያደርጋል! ሙቀቱ የሚወጣው በበሩ ሳይሆን በግድግዳው ስንጥቅ ኖሯል። ኩበቱ ይነዳል፣ ነፋሱ ይገባል፣ ሕፃኑን ያስነጥሰዋል።

"አንተ ስንጥቅ፣ እባክህ ተዘጋልኝ" አለችው።

"ጭቃ ካልመጣ አልዘጋም" አለ።

ወደ ጭቃው ሄደች። "ጭቃዬ፣ ተለጠፍልኝ፤ ስንጥቁ አልዘጋም አለ።"

"ያለ ጭድ? ያለ ጭድማ ነገ ተፈርፍሬ እወድቃለሁ። ጭድ ካልመጣ አልለጠፍም።"

ወደ በረት ገባች። "ጭዴ፣ ከጭቃው ጋር ተቦካልኝ፤ ጭቃው አልለጠፍም አለ፣ ስንጥቁ አልዘጋም አለ።"

"አህያሽ ተኝታብኝ እንዴት አድርጌ? እሷ ካልተነሳች አልቦካም።"

"አንቺ አህያ፣ ተነሺ፤ ጭዱ አልቦካም አለ፣ ጭቃው አልለጠፍም አለ፣ ስንጥቁ አልዘጋም አለ።"

አህያዋ ጆሮዋን ብቻ አነቃነቀች። "በዚህ ብርድ? ጀርባዬ ላይ ባና ካልጣልሽልኝ አልነሳም።"

የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ለአህያ! እናንተ ትስቃላችሁ፣ እሷ ግን በርዷታል። ዘርትሁንም ወደ አሮጌው ባና ሄደች፤ ይፍቱስራና ሕፃኑ ለብሰውታል። "ባናዬ፣ ለአህያዋ ሁንልኝ፤ አህያዋ አልነሳም አለች፣ ጭዱ አልቦካም አለ፣ ጭቃው አልለጠፍም አለ፣ ስንጥቁ አልዘጋም አለ።"

"አራሷን አራቁቼ? አዲሱ ባና ካልመጣ አልሄድም።"

እውነቱን ነው። አዲሱ ባና፣ ዘርትሁን ራሷ የፈተለችው፣ ጋሽ ወልደየስ ቤት የሽመናው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ቀርቷል፤ ወደዚያው ሄደች። "አዲሱ፣ ናልኝ፤ አሮጌው አልሄድም አለ፣ አህያዋ አልነሳም አለች፣ ጭዱ አልቦካም አለ፣ ጭቃው አልለጠፍም አለ፣ ስንጥቁ አልዘጋም አለ።"

"ጫፌ መቼ አለቀና! ሸማኔው ካልጨረሰኝ አልወርድም።"

ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ጥግ ተቀምጠዋል። ዘርትሁን ዓይናቸውን ለማየት አፈረች። "ጋሼ፣ ባናውን ይጨርሱልኝ፤ አዲሱ አልወርድም አለ፣ አሮጌው አልሄድም አለ፣ አህያዋ አልነሳም አለች፣ ጭዱ አልቦካም አለ፣ ጭቃው አልለጠፍም አለ፣ ስንጥቁ አልዘጋም አለ።"

"ደስ ባለኝ ልጄ" አሉ፣ አልተቆጡም። "ግን ጣቴን እይው፣ ክሩን አይዝልኝም። ድሮ ማታ አንቺ ዘንድ እሞቅና ጠዋት እሸምን ነበር። እሳት ካልሞቅሁ አልሸምንም።"

ዘርትሁን አንገቷን ደፍታ ቤቷ ተመለሰች። "እሳቴ፣ ጋሽ ወልደየስን አሙቅልኝ፤ ሸማኔው አልሸምንም አሉ፣ አዲሱ አልወርድም አለ፣ አሮጌው አልሄድም አለ፣ አህያዋ አልነሳም አለች፣ ጭዱ አልቦካም አለ፣ ጭቃው አልለጠፍም አለ፣ ስንጥቁ አልዘጋም አለ።"

"እኔማ ይኸው አለሁ" አለ እሳቱ። "አንቺ በሩን ካልከፈትሽ ማንን ላሙቅ?"

ዘርትሁን እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ቆመች። ኩበቱን አየች፣ ሕፃኑን አየች። "ቢያልቅብንስ?" አለች።

"እማዬ፣ እስከ ዛሬ ነፋሱን ነው ያሞቅነው" አለች ይፍቱስራ። "እሳቸው ቢሞቁ ምናለ?"

ከፈተችውና ጋሽ ወልደየስን ጠራቻቸው። በሩ ሲከፈት እሳቱ ጋሽ ወልደየስን አሞቀ፤ ጋሽ ወልደየስ አዲሱን ባና ጨረሱ፤ አዲሱ አራሷን አለበሰ፤ አሮጌው አህያዋ ላይ ወጣ፤ አህያዋ ተነሳች፤ ጭዱ ከጭቃው ጋር ተቦካ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው የረገጡትም ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤ ጭቃው ተለጠፈ፤ ስንጥቁም ተዘጋ። ሕፃኑ ማስነጠሱን ተወ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ኩበት የሁለት ኩበት ሥራ ሠራ። መስከረም ሲጠባ ከክምሩ ገና ተርፎ ነበር። ዘርትሁን አንድ እቅፍ አነሳችና ጋሽ ወልደየስ ደጅ አኖረችላቸው። ማታ እሳቸው ያንኑ ኩበት ታቅፈው መጡ።

"ለብቻዬ ምን ያደርግልኛል?" አሉና ምድጃዋ ዳር ተቀመጡ።

የኔም ተረት ሞቋት እዚህ ተኛች። የሚወጣ በሩን ይዝጋ፤ የሚያንኳኳ ካለ ግን ክፈቱለት።