ማዶውን የሚጠብቅ ጥብስ

ኢንጂነር ምትኩ ደግመው አጨበጨቡ። ጥብስ ካዘዙ ቆይተዋል። ሽታው ከማድ ቤት ወጥቶ ቤቱን ሞልቶታል፤ ጥብሱ ራሱ ግን ብቅ አላለም። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ሽብሩ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው መንገዱን ያያሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት አሰላ ባለው በዚሁ ሆቴል አዳራሽ የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች ኃላፊዎች ተሰብስበው ነበር። አሮጌዎቹ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች አልቀዋል። የኢንጂነር ምትኩ ድርጅት አንዷን ቁጥር ለሰፈር ሙሉ ያጋራል፤ ከሰፈሩ አንድ ዱርዬ ኢንተርኔት ላይ ሲያጠፋ ቁጥሯ ትዘጋና ሁሉም አብሮ ይቀጣል። ጋሽ ሽብሩ ጋ ያረፈ እንግዳም ስልኩን ነካክቶ ነካክቶ፣ ኢንተርኔቱ እምቢ ሲለው ሻንጣውን አንሥቶ ሌላ ሆቴል ይሄዳል። እንዲህ ከቀጠለ አልጋ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት ለየቤቱ የራሱን ቁጥር ይሰጣል ሲባል ጋሽ ሽብሩ በር ላይ ቆመው ሰሙ። ደስ አላቸው። ደስታቸው ግን እስከ ሻይ እረፍት እንኳ አልዘለቀም። ኢንጂነር ምትኩ ተነሡና ዕቃው መተከሉን፣ ሠራተኛው መሠልጠኑን ተናግረው፣ ሌሎቹ ሲጀምሩ እኛም በማግስቱ እንጀምራለን ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ የተነሣውም ያንኑ አለ። ከእሱ የቀጠለውም። ደጃፍ ላይ «ይቅደሙ፣ ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዝናብ እንደሚያበሰብሳቸው ሰዎች፣ አንዱም ሳይገባ ስብሰባው ተበተነ።

ሌሎቹ ሄዱ፤ ኢንጂነሩ ለምሳ ቀሩ።

«ጋሼ፣ ጥብሱ አልደረሰም እንዴ?»

«ደርሷል» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ታዲያ ምን ይጠበቃል?»

«ሥጋው ተጠብሷል፤ ሚጥሚጣው ተሰናድቷል፤ አስተናጋጇም ሠልጥናለች። ማዶ ያለችው አልጣሽ ምሳ ማቅረብ ስትጀምር እኛም ወዲያው እናቀርባለን።»

ኢንጂነሩ በመስኮት አዩ። እትዬ አልጣሽ ምግብ ቤቷ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«እሷስ ምን ትጠብቃለች?»

«እኔን።»

ኢንጂነሩ ከመስኮቱ ዞረው ሽታው ወደሚመጣበት ማድ ቤት አዩ።

«በቃ ጋሼ፣ ከሰዓት አዲሱ አድራሻ በእናንተ ሰፈር ይጀመራል፤ ቃሌ ነው። ብቻ ሽንኩርቱ ሳያር ያውጡልኝ።»