ኖራ የተቀባው ወረፋ

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ሆስፒታል የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ጊዜያችሁን ብዙ አልወስድም፤ ጭቅጭቁ ግን ይከርምባችኋል።

ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱንም እንቅርት ይዟቸዋል። እንቅርት ሲያድግ ጉሮሮን ይጫናል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የነሱ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ የማይሆን ደረጃ ደርሷል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ወደዚያች ከተማ የሚመጣው ኅዳር ላይ ብቻ ነው። የደም ውጤት ሳያይ ማንንም አይነካም። ትክክል ነው፤ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ትክክል ያልሆነው ሌላው ነው፦ በጥቅምት «ደም ልስጥ» ብሎ የመጣን ሰው ላብራቶሪው ለጥር ይቀጥረዋል። የጥር ውጤት ለኅዳር ሐኪም ምን ያደርግለታል? ይህን ያሰበ ሰው ከዚያ ሁሉ ቢሮ ጠፋ?

አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረች። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ቀጠሮ ከሌላቸው ቀድመው ለተሰለፉ ጥቂቶች ደም ይወሰዳል። ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት የቀረችው አንዲት ማክሰኞ ነች።

እታፈራሁ ሰኞ ከሰዓት መጣች። ቤቷ የምታጠባው ሕፃን ስላለ በር ላይ ማደር አትችልም። ስለዚህ እዚያ እንደሚደረገው ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ድንጋይ አስቀመጠች። ድንጋይ ያስቀመጠ እንደቆመ ይቆጠራል፤ ማንም አይነካበትም። እንዳይጠፋባት ቀይ ክር አሰረችበትና ሄደች።

ማክሰኞ ግን ከክልል ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ነበር። «ግቢው ይመር» ተባለ። ጥበቃው ሰኞ ማታውኑ የታዘዘውን አደረገ፤ የወረፋውን ድንጋዮች ሰብስቦ የአበባው መደብ ዙሪያ ደረደራቸው፣ ኖራም ቀባቸው።

አቶ ጓንጉል ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ደረሱ። በሩ ላይ ሰውም ድንጋይም የለም። ቀድሜያለሁ ብለው ቆሙ። ብርዱ ቢበረታም አልተቀመጡም፤ ጥግ ፈልጎ የተቀመጠ ተራውን ይቀማል።

እታፈራሁ ስትመለስ ፊት ለፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ተራው የኔ ነው። ድንጋዬ እዚህ ነበር።»

«እኔ ያየሁት ባዶ መሬት ነው፣ ልጄ።»

ዞራ ዞራ ከአበባው ሥር አገኘችው። ክሩ ላይ ሳይቀር ኖራ ተለቅልቋል።

«ይኸው፤ ሙሽራ አድርገውታል» አለች።

ያኔ የላብራቶሪው መስኮት ተከፈተ። «ዛሬ እንግዳ ስላለ ደም አንወስድም። ለጥር ተመዝገቡ።» ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ እያጉረመረመ ተመዝግቦ ሄደ። እታፈራሁና አቶ ጓንጉል ግን አቀርቅረው ቀሩ።

ሦስተኛዋ በሽተኛ ዙሪያሽ የደረሰችው በዚህ ሰዓት ነው። ድንጋይ አላስቀመጠች፣ ብርድ አልመታት። የሆነውን ስትሰማ ግን ቀጥ ብላ የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች።

«እንግዶቹ የሚጎበኙት ምንድን ነው ጌታዬ? ድንጋዩን?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ እህቴ።»

«እስኪመጡ እዚሁ ነኝ። አንገቴን አሳያቸዋለሁ።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «በቃ፣ ለአንድ ሰው ይወሰድለት። ለአንድ ብቻ።» ይህን ብሎ እንግዳ ሊቀበል ወጣ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ መርፌ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ማን ይግባ?»

«ደንቡን የጠበቅኩት እኔ ነኝ» አለች እታፈራሁ። «ድንጋዬን ያነሳው ሆስፒታሉ ነው።»

«የማንንም ድንጋይ አልነካሁም» አሉ አቶ ጓንጉል። «በገዛ እግሬ ነው የቆምኩት።»

«እኔ ባልናገር ሦስታችንም በባዶ እጃችን ቤታችን ነበርን» አለች ዙሪያሽ።

«ቶሎ ተስማሙ» አለች ባለሙያዋ። «መኪኖቹ ገብተዋል።»

«አንድ ብቻ» ያለው ሰውዬ በር ላይ እጅ ይጨብጣል፤ ሦስቱ በሽተኞች እርስ በርስ ተፋጠዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ጥያቄው ግን አልቀረም፤ እናንተ ብትሆኑ መርፌውን ለማን ትሰጣላችሁ፦ ለድንጋዩ፣ ለእግሩ ወይስ ለአፉ?

ብቻችሁን አትመልሱ። በሚቀጥለው ሆስፒታል ስትሄዱ፣ አግዳሚው ላይ ከጎናችሁ ለተቀመጡት ተርኩላቸውና ጠይቋቸው። እዚያ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶላችኋል። ሞክሩት።