ስድስት የባትሪ ድንጋይ ለስንዱ ዘፈን

ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባላል። የደምሰውን ነገር ያነሳው ግን ጥዝዝታ ነው። እሱ ራሱ እስከ አሁን በቅጡ ያልገባውን ታሪክ ነውና የምነግራችሁ፣ ከመካከል ግራ ቢገባችሁ በእኔ አትፍረዱ።

ደምሰው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ኪቦርዷ ትንሽ ናት፣ በብብት ትያዛለች። ሚስቱ ስንዱ አራስ ናት፤ ከወለደች ገና አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ብቸኛ እህቷ ሰብለ ደግሞ ዛሬ ቅዳሜ፣ ሩቅ አገር፣ በዘጠኝ ሰዓት ተሞሽራ ከአባቷ ቤት ትወጣለች። አራስ መንገድ አትወጣም። ስንዱ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰችና በመጨረሻ ባሏን አንድ ነገር ለመነችው። እሷ ትዝፈን፣ እሱ ይጫወት፣ ተቀርጾ በስልክ ይሂድ። ሰብለ ደጁን ስትሻገር የእህቷን ድምፅ እየሰማች ትሻገር። ሌላ ምንም አልፈልግም አለችው።

ምን ችግር አለው ብሎ ኪቦርዷን ሶኬት ላይ ሰካት፣ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኛት፣ ቀረጸ። መልሶ ሲሰማው ጥዝዝዝ ይላል። ስንዱ ንብ ቀፎ ውስጥ ገብታ የዘፈነች ይመስላል። ገመዱን ቢቀይር ጥዝዝ፤ ድምፁን ቢቀንስ ዘፈኑ ጠፍቶ ጥዝዝታው ቀረ። የአራስ ድምፅ ምን አቅም አለውና።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ይርጋ ሰሙና ሳቁ። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የምትጠቀሙት፣ የአንዱ ማቀዝቀዣ የሌላው ምድጃ በመስመሩ እየመጣ ነው የሚያዜምላችሁ አሉት። ሁሉንም ከሶኬት ይንቀል፤ ላፕቶፑ የራሱ ቻርጅ አለው፤ ለኪቦርዷ ግን ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይፈልግ። ድንጋይ ካልተገኘ ጥዝዝታው አይጠፋም፤ ጥዝዝታው ካልጠፋ የስንዱ ዘፈን አይሄድም።

ደምሰው ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ባለሱቆቹ የጥንት ገንዘብ እንደጠየቃቸው ሁሉ አዩት። በሰፈሩ ስድስት ትልልቅ ድንጋይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የዕድሩ ድምፅ ማጉያ ውስጥ። ማጉያው ደግሞ በለፋፊው በጋሽ ወርቅነህ እጅ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ማጉያቸውን እንደ ሕፃን አቀፉት። ዳኛው ካልፈቀዱ አልከፍተውም፣ ሰው ቢሞትስ በምን እለፍፋለሁ አሉ። ዳኛው ካልፈቀዱ ለፋፊው አይሰጡም፤ ለፋፊው ካልሰጡ ድንጋዩ አይገኝም፤ ድንጋዩ ካልተገኘ ጥዝዝታው አይጠፋም፤ ጥዝዝታው ካልጠፋ የስንዱ ዘፈን አይሄድም።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ፍሥሐ ሕግ አዋቂ ናቸው፤ ሕግ በሌለበትም ሕግ ያዋልዳሉ። የዕድር ንብረት በቃል አይወጣም፣ ወረቀቱን እኔ እፈርማለሁ፣ ማኅተሙን ከጸሐፊዋ አስመታ አሉት። ጸሐፊዋ ወይዘሮ በላይነሽ ደግሞ ደጃቸው ላይ በርበሬ አስጥተው፣ ዱላ ይዘው ተቀምጠዋል። ማኅተሙ ጓዳ፣ ሳጥን ውስጥ ነው። የጎረቤቴ የእትዬ ሙላቷ ፍየል ሳትታሰር እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አሉ። ፍየሏም ከአጥሩ ሥር ቆማ ታመነዥካለች፣ ዓይኗ በርበሬው ላይ ነው። ደምሰው እኔ ልጠብቅልዎ ቢላቸው፣ ባለፈው የጠበቀላቸው ሰው ፍየሏ እያየችው ግማሹን እንደበላችበት ነገሩት።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ደምሰው መንገድ መካከል ቆመና ነገሩን ለራሱ ሊያስረዳ ሞከረ። ፍየሏ ካልታሰረች ጸሐፊዋ አይነሱም፤ ጸሐፊዋ ካልተነሱ ማኅተሙ አይመታም፤ ማኅተሙ ካልተመታ ዳኛው አይፈቅዱም፤ ዳኛው ካልፈቀዱ ለፋፊው አይሰጡም፤ ለፋፊው ካልሰጡ ድንጋዩ አይገኝም፤ ድንጋዩ ካልተገኘ… ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፋበት። ጠዋት የወጣው ለምን ነበር? ፍየል ሊገዛ ነው እንዴ? ጭንቅላቱ ዞረ። የስንዱ ፊት ሲታወሰው ነው ዘፈኑ ትዝ ያለው፤ ያኔ በራሱ አፈረና ሮጠ።

እትዬ ሙላቷ ፍየሏ ለምን እንደማትታሰር ሲጠየቁ ገመድ የለኝማ አሉ። የፍየሏን ገመድ ለሰው አውሰውታል። ታዲያ ያስመልሱልኝ፣ እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ ቢላቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

“ላራስ ያዋስኩትን ልጁ ክርስትና ሳይነሳ አልጠይቅም።”

“የቷ አራስ ናት፣ እትዬ?”

እትዬ ሙላቷ ትኩር ብለው አዩት።

“የቷ ትላለህ? ሚስትህ ናታ። የልጅህ ጨርቅ በምን ላይ የሚደርቅ መስሎህ ነው?”

ደምሰው አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋት ማታ በዚያ ገመድ ሥር ጎንበስ ብሎ አልፏል። አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየውም።

እያለከለከ ቤት ገባ። ስንዱ ድንጋዩ ተገኘ ወይ ብላ ጠየቀችው።

“ገመዱን ልፍታው” አላት።

“ለምን?”

“ለፍየል። ፍየሏ ካልታሰረች ጸሐፊዋ አይነሱም፤ ጸሐፊዋ ካልተነሱ ማኅተሙ አይመታም፤ ማኅተሙ ካልተመታ ዳኛው አይፈቅዱም፤ ዳኛው ካልፈቀዱ ለፋፊው አይሰጡም፤ ለፋፊው ካልሰጡ ድንጋዩ አይገኝም፤ ድንጋዩ ካልተገኘ ጥዝዝታው አይጠፋም፤ ጥዝዝታው ካልጠፋ ዘፈንሽ አይሄድም።”

ስንዱ ፀሐይ መትቶት እንደሆነ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው። አልሞቀም። ጨርቁን አጥሩ ላይ ጣለውና ፍታው አለችው።

ገመዱ ሲፈታ ፍየሏ ታሰረች። ፍየሏ ስትታሰር ጸሐፊዋ ተነሱ። ጸሐፊዋ ሲነሱ ማኅተሙ ተመታ። ማኅተሙ ሲመታ ዳኛው ፈቀዱ። ዳኛው ሲፈቅዱ ለፋፊው ስድስቱን ድንጋይ አንድ በአንድ አወጡ፣ እስከ አሥር ሰዓት ማንም እንዳይሞት ለሰፈሩ ንገርልኝ ብለው አስጠነቀቁት። ድንጋዩ ሲገባ ጥዝዝታው ጠፋ። ጭር ከማለቱ የተነሳ ደምሰው ኪቦርዷ የተበላሸች መስሎት አንዴ ነካ አደረጋት። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኖ ነበር።

ስንዱ ትራስ ተደግፋ ዘፈነች።

እጄ ባይደርስልሽ ሹሩባሽን ልሠራ፣
ድምፄን ልኬዋለሁ ይዋል ካንቺ ጋራ።

ድምፅዋ ጥርት ብሎ ገባ፣ ትንፋሿ ሳይቀር። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ሕፃኑ ነቃና እሪ አለ። ደምሰው ቀረጻውን አቆመና እንደገና እንጀምር አላት። ቀኑን ሙሉ የሮጠው አንድ ድምፅ ለማጥፋት ነበር፣ አሁን ሌላ መጣ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

“ተወው” አለች ስንዱ። “ያ ጩኸት ነበር። ይኼ ልጃችን ነው። አክስቱ አላየችውም፣ ድምፁን እንኳ ትስማው።”

ላከው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን የስንዱ አባት ደወሉ። ከጀርባቸው ከበሮው ይሰማል፣ እሳቸው ግን ተጨንቀዋል። ሙሽራዋ የሕፃኑን ድምፅ እንደገና ካላሰማችሁኝ ከደጅ አልወጣም ብላለች። ሙሽራዋ ካልወጣች ሙሽራው አይነሳም፤ ሙሽራው ካልተነሳ ሚዜዎቹ መኪና አይገቡም፤ ሚዜዎቹ ካልገቡ ሾፌሩ… ደምሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ስንዱ ስልኩን ተቀበለችው። እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም ይወርዳል።

“የላክንላችሁን ደግማችሁ አሰሟት፣ አባዬ” አለች።

አሰሟት፤ ወጣች።